የየካ ጓሮ፤ ከሰኔ ሚካኤል እስከ ኅዳር ጭስ

ጤና አዳም በጣት ሲታሽ የሚወጣው ሽታ ሹል ነው፤ መጀመሪያ አፍንጫን ቆንጠጥ አድርጎ ይይዝና ቆይቶ ይጣፍጣል። ዛሬ ሾላ ገበያ ውስጥ ከጎመኑና ከቃሪያው ጎን በሳር የታሰረች እስር ጤና አዳም ትሸጣለች። ብዙ ሰው የሚገዛት ለቡና ነው፤ ቅንጥብ አድርጎ ሲኒው ውስጥ ጣል ያደርጋታል። በየካ ተራራ ሥር ያደገ ሰው ግን እስሯን ተቀብሎ አንዴ ካሸተታት ቡናውን ይረሳል። ከሽታው ጋር የማጀቱ የኋላ በር ይከፈታል። ከበሩ ሁለት እርምጃ ርቃ የቆመችው ቁጥቋጦ፣ ከቆርቆሮው ጠርዝ የሚንጠባጠበው ውሃ፣ ጭቃ የያዘው ዶማ፣ ጎንበስ ብላ ጎመን የምትቀነጥስ እናት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመጣሉ። ጤና አዳም ከበሩ አጠገብ የምትተከለው በምክንያት ነበር። ቡናው ተፈልቶ ሳለ ዝናብ ቢጥል እንኳ ብቅ ብሎ ቆርጦ ለመመለስ ትመቻለች፤ ደጃፉን ከክፉ ዓይን ትጠብቃለች ብለው የሚያምኑም ነበሩ።

ጓሮ ከቤት ጀርባ ላለ ቦታ ሁሉ የሚሰጥ ስም ነው። በየካ ሰፈሮች ግን ጓሮ ሲባል የሚታሰበው የሚበላ ነገር የሚበቅልበት መሬት ነበር። ከቀበና ወንዝ ማዶ በፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በጉራራና በቤላ፣ ወዲህ በዋሻ ሚካኤል ሥር፣ ወደ ምሥራቅ በኮተቤና በካራ፣ ጓሮ የሌለው ግቢ እንደ ጎደሎ ይታይ ነበር። በሐምሌ 1967 የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ የሚሰጠውን ቦታ እስከ 500 ካሬ ሜትር ወስኖታል። የጭቃ ቤቱና ማጀቱ ከዚህ ላይ የሚይዙት ጥቂት ነው፤ የተረፈው በዶማ ይገለበጣል። የብዙዎቹ ግቢ ከዚያ ልክ ያነሰ ነበር፤ ያም ሆኖ አንድ መደብ ጎመን የማይወጣው ግቢ አልነበረም።

አቀማመጡ ከቤት ቤት ብዙም አይለያይም። ለማጀቱ ቅርብ የሆነው ቦታ ሽታ ላላቸው ነው፤ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ናና፣ የጥብስ ቅጠል። ከነሱ አለፍ ብሎ ዳማከሴ ይቆማል፤ ምች የመታው ልጅ ሲገኝ ቅጠሉ ታሽቶ ጭማቂው ግንባሩ ላይ ይቀባል፣ ከቡናም ጋር ይሰጠዋል። መካከሉን ጎመንና ድንች ይይዙታል። አጥሩ ሥር ዱባ ይዘራል፤ ዱባ መሬት አይመርጥም፣ ሐረጉን ይዞ አጥሩ ላይ ይወጣል፣ አንዳንዴም ፍሬውን ጎረቤት ግቢ ውስጥ ይጥላል። ከጥጉ ጌሾ አለ፤ ከሱ ጎን ኮባ። አጥሩ ራሱ ሰንሰል ወይም ኮሽም ወይም የፈረንጅ ጥድ ነበር፤ ቆርቆሮና ብሎኬት የመጡት ቆይተው ነው። በኤምባሲዎቹ ቅጥር ውስጥ አትክልተኛ የሆነ ሰው ባለበት ቤት ደግሞ ጽጌረዳና ቀይ ሥር አይጠፋም። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ስሙን ያገኘው ምኒልክ ለፈረንሳይ መንግሥት ከሰጡት፣ ከ40 ሄክታር ከሚበልጥ ቅጥር ነው። ከዚያ ግንብ ውስጥ በኪስ የወጣች አንዲት ቁራጭ የጽጌረዳ እንጨት ስንት ግቢ እንዳዳረሰች የሚቆጥራት የለም።

በአውሮፓ አገሮች ክረምት አትክልተኛው መሣሪያውን አጽድቶ የሚሰቅልበት፣ አፈሩ በውርጭ ደርቆ የሚተኛበት ጊዜ ነው። የየካው ክረምት የዚያ ተቃራኒ ነው፤ ጓሮው የሚነቃው ያኔ ነው። ቤተ ክርስቲያን ዘመነ ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ትቆጥራለች፣ ለየክፍሉም ስም አላት። መጀመሪያው ዘርዕና ደመና ነው፤ ቀጥሎ መብረቅና ነጎድጓድ ይመጣል። ወደ ነሐሴ ማብቂያ የሚደርሰው እጓለ ቋዓት ይባላል፤ የቁራ ጫጩቶች ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ጎህና ጽባሕ ነው። እነዚህን ስሞች ያወጡ ሊቃውንት ሰማዩን ብቻ ሳይሆን መሬቱንም ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ዘርዕና ደመና የተባለው ጊዜ በትክክል የጎመን ዘር የሚበተንበት ነው፤ ጎህና ጽባሕ በተባለውም ጊዜ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ገለጥ ሲል መደቡ ላይ ብርሃን ያርፋል።

የየካ ባለ ጓሮ ሌላ ምልክትም ነበረው፤ ሰኔ 12፣ የሚካኤል ንግሥ። የካ ሚካኤል ሲነግሥ መሬቱ ርሶ ካልጠበቀ ዓመቱ ያሳስባል። ከዚያ በፊት ያለው ሥራ በግንቦት ይያዛል። በጋውን ሙሉ ከማጀት የወጣው አመድ በአንድ ጥግ ተጠራቅሟል፤ ላም ካለው ጎረቤት ፍግ በጆንያ ይመጣል፤ የድንች ልጣጭ፣ የሽንኩርት ቅጠል፣ የቡና አተላ ሁሉ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ጠቁሯል። ይህ ከአፈሩ ጋር ይገለበጣል። የየካ ዳገት አፈር ቀይ ነው፤ በበጋ እንደ ጡብ ይጠነክራል፣ በክረምት ጫማ ይነጥቃል። ዶማው በደረቁ ሲያርፍበት ድንጋይ የመታ ያህል ይጮኻል። የመጀመሪያው ዝናብ ካረፈ በኋላ ግን ያው ዶማ ድምፅ ሳያሰማ ይገባል፤ አፈሩም ሲገለበጥ ያን የታወቀ ሽታውን ይሰጣል። ያን ሽታ የሚያውቅ ሰው አሁን በአስፋልት ላይ ዝናብ ሲጥል የሚሸተውን ከሱ ጋር አያምታታውም። የአስፋልቱ አቧራ ነው፤ የጓሮው ሽታ ሥር አለው።

ሐምሌ የጓሮ ፈተና ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው፣ 1,200 ሚሊ ሜትር ከሚጠጋው ዝናብ ግማሽ ያህሉ በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ይወርዳል፤ የካ ደግሞ ተራራ ሥር ናት፣ ከላይ የወረደው ሁሉ በሷ ያልፋል። ጠዋት እንጦጦ በጉም ተሸፍኖ አይታይም። ጉሙ እየወረደ አጥሩ ጋ ይደርስና ጎመኑ ቅጠል ላይ ጠብታ ሆኖ ይቀመጣል። ከቀትር በኋላ ቆርቆሮው መጮህ ሲጀምር ቤት ውስጥ ሰው ከሰው መነጋገር ያቅተዋል። ልጆች ከአሸንዳው ሥር በርሜልና ባልዲ ይደረድራሉ፤ ባለ ጓሮው ጆንያ እንደ ቆብ አጥፎ ራሱ ላይ ደፍቶ ቦይ ሊቀድ ይወጣል። ቦይ ከላይኛው አጥር ጀምሮ መደቡን በጎን እያለፈ ወደ ታች ካልወሰደው አንድ የሐምሌ ጎርፍ የሰኔን ሥራ በሙሉ ይዞ ቀበና ይገባል። የታችኛው ጎረቤት ግቢ ውስጥ እንዳይገባም መጠንቀቅ አለ። የቦይ ጠብ ከድንበር ጠብ ባልተናነሰ የሽማግሌ ጉዳይ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ግን ሁለቱም ዶማ ይዘው ወጥተው አብረው ይቀዱትና አንድ ጀበና ሥር ይቀመጣሉ።

በረዶም አለ። ሩብ ሰዓት የማይሞላ የበረዶ ውርጅብኝ የጎመኑን ቅጠል ወንፊት ያስመስለዋል። ያኔ የተበሳው ቅጠል በሙሉ በአንድ ቀን ይቀነጠስና በየቤቱ ጎመን ይቀቀላል፤ እንብርቱ ካልተጎዳ በሁለት ሳምንት ይመለሳል። ቀንድ አውጣው ደግሞ ሌት ይሠራል። መድኃኒቱ አመድ ነበር፤ በእያንዳንዱ ችግኝ ዙሪያ እንደ ቀለበት ይነሰነሳል፣ ዝናብ ሲያጥበው እንደገና ይነሰነሳል። ይህ የልጆች ሥራ ነው። ጣታቸው ላይ የሚቀረው የአመድና የእርጥብ አፈር ሽታ በሳሙናም አይለቅም ነበር።

እንጦጦን ሳያነሱ ስለ የካ ጓሮ መናገር አይቻልም። ምኒልክ በ1870ዎቹ ከተማቸውን እዚያ ሲያደርጉ ተራራውን የሸፈነው ጥድና ወይራ ነበር። እሱ ለማገዶና ለቤት ተቆርጦ ሲመናመን በ1880ዎቹ ባህር ዛፍ ከውጭ ገባ፤ ከ1879 ጀምሮ ታች ሜዳው ላይ የተቆረቆረችው አዲስ አበባም በሱ ጸናች። ባህር ዛፍ ለየካ እንጀራ መጋገሪያም፣ ቤት መሥሪያም፣ አጥርም ነው። ቅጠሉን በሸክም ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱት ሴቶች በዝናቡ ውስጥ በጠባቡ መንገድ ሲያልፉ ሸክሙ ራሱ የሚሄድ ቁጥቋጦ ይመስላል፤ ካለፉም በኋላ ሽታው መንገዱ ላይ ይቆያል። የዚያ ሸክም ክብደት ወገባቸው ላይ ነው የሚቀረው፤ ከተማዋ እንጀራዋን የበላችው በነሱ ጀርባ ነው፣ ይህንንም ተገቢውን ያህል አልተናገረችላቸውም። ለጓሮ ግን ባህር ዛፍ ክፉ ጎረቤት ነው። ሥሩ አጥር አያግደውም፤ ከሥሩ አጠገብ ጎመን ይቀጭጫል፣ ድንችም አያፈራም። ስለዚህ ባለ ጓሮ ዛፉን ከላይኛው ጥግ ያቆመዋል፤ ድንቹን አርቆ ይተክላል።

ድንች ራሱ በዚህ አገር የቆየ አይደለም። በ1858 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው የዕፅዋት አጥኚ ዊልሄልም ሺምፐር እንዳስገባው ይነገራል። የሐበሻ ጎመን ግን የኢትዮጵያ ደጋ ተወላጅ ነው። ሁለቱ በአንድ መደብ ጎን ለጎን ሲታዩ ማንም እንግዳውን ለይቶ አያውቀውም። ድንች የሚተከለው በበልግ ዝናብ፣ በሚያዝያ አካባቢ ነበር። ዘግይቶ የተተከለው በሐምሌ እርጥበት ቅጠሉ እየጠቆረ ይረግፋል፤ በሽታው አንዴ ከገባ በሳምንት መደቡን ይጨርሰዋል። በጊዜው የተተከለው ግን ያኔ ሥሩ ደርሶለታል።

የደረሰ ድንች ከመቆፈሩ በፊት የሚሰረቅበት ጊዜ አለ፤ ስርቆቱም የባለቤቱ ነው። እናት ከግንዱ አጠገብ አፈሩ የተሰነጠቀበትን ታያለች፤ ስንጥቁ ከሥር የሆነ ነገር ማበጡን ይናገራል። ሁለት ጣት ታስገባለች፣ ከዚያ እጇ እስከ አንጓዋ ይገባል። ፊቷን ወደ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ በዳሰሳ ትፈልጋለች። ትልቁን ታገኘዋለች፤ ሥሩን ሳትበጥስ ጠምዘዝ አድርጋ ታላቅቀውና ታወጣዋለች። ትንንሾቹን ትተዋቸዋለች። አፈሩን በመዳፏ መልሳ ጠቅጠቅ ታደርገዋለች፤ ግንዱ እንዳልተነካ ሆኖ ይቆማል። የወጣው ድንች ቆዳው ገና ስስ ነው፣ በአውራ ጣት ሲገፋ ይላጣል። እንዲህ አምስት ስድስት ግንድ ተዟዙራ ለአንድ ድስት የሚበቃ ትይዛለች። በሱቅ የሚገዛ ድንች ታጥቦ፣ ቆዳው ጠንክሮ፣ በሚዛን ነው የሚመጣው። ጣዕሙ ያው ሊሆን ይችላል፤ ያ ዳሰሳ ግን የለበትም።

ከዚህ ላይ ጓሮና በዓል ይገናኛሉ። የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 1 ይገባና ነሐሴ 16 ይፈታል። በዓመቱ ውስጥ ጓሮ ሞልቶ የሚፈስበት ሁለት ሳምንት ቢኖር ይህ ነው፤ ጾሙም ከሥጋና ከወተት ስለሚከለክል ማዕዱን የሚሸፍነው ጓሮው ነው። ጎመን በነጭ ሽንኩርት፣ የድንች ወጥ፣ ሽሮው ላይ የበሶብላ ሽታ፣ ቃሪያ። ፍልሰታን ልጆችም ይጾሙታል፤ ቅዳሴ አስቀድሰው፣ ቆርበው፣ ነጠላቸው በዝናብ ርሶ ሲመለሱ የሚጠብቃቸው ከድስት የወጣ ትኩስ ድንች በአዋዜ ነበር። ጾም ሲባል ረሃብ የማይታሰበው ለዚህ ነው። የየካ ልጅ ትዝታ ውስጥ ፍልሰታ የጥጋብ ጊዜ ነው።

በጾሙ መካከል፣ ነሐሴ 13፣ ቡሄ ይውላል። ከሱ ወዲያ ክረምት የለም ይባል ነበር፤ ዝናቡ ባያቆምም ኃይሉ እንደሚሰበር ባለ ጓሮ ያውቀዋል። ወንዶች ልጆች ሳምንት ሙሉ ጅራፍ ሲገምዱ ይሰነብታሉ፤ የጅራፉ ጩኸት ከየዳገቱ ይመላለሳል። በዋዜማው ኮባው ይቆረጣል። ሰፊው ቅጠል መካከለኛው አጥንቱ ይወጣለትና እሳት ላይ ለብለብ ይደረጋል፤ ያኔ ይለሰልሳል፣ አይቀደድም። ሊጡ በሱ ይጠቀለላል። ድፎ ዳቦው ከላይና ከታች እሳት ሲነድበት ቅጠሉ እያረረ የሚሰጠው ሽታ ዳቦው ውስጥ ይገባል፤ የቅጠሉ ሥር ሥርም ዳቦው ጀርባ ላይ ታትሞ ይቀራል። ኮባ የሌለው ቤት ኮባ ካለው ይጠይቃል። የሚሰጠው ሰው ዋጋ አይቀበልም፤ ዳቦው ሲወጣ ግን ቁራሹ በሰሐን ተሸፍኖ አጥሩን ያልፋል። ሙልሙሉ ሆያ ሆዬ ለሚሉት ልጆች ነው፤ ለክርስትና ልጅ የሚሰጠው ለብቻው ይቀመጣል። ዛሬ ዳቦ መጋገሪያ ማሽኑ በኤሌክትሪክ ነው፤ ኮባውን የሚፈልግ ሰው ከገበያ ይገዛዋል። ልጆቹ አሁንም ይመጣሉ፣ የሚሰጣቸው ግን ብዙ ጊዜ ብር ነው። ሙልሙል ግን ሲሰጥ ትኩስ ነው፤ የተቀበለው ልጅ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እየወረወረ ነው የሚይዘው።

ጳጉሜን ለጓሮ የእረፍት ሳምንት ነው። አረሙ ተነቅሏል፣ ጎመኑ አድጓል፣ ዱባው ገና ነው። ጳጉሜን 3 ቀን ሩፋኤል ሲሆን የሚወርደው ዝናብ ጠበል ነው፤ ልጆች ልብሳቸውን ጥለው ግቢው ውስጥ ይሮጣሉ፣ አዋቂዎችም ራሳቸውን ያስነካሉ። ከአሸንዳው ሥር በንጹሕ ዕቃ የተያዘው ውሃ ሊጥ ውስጥ ጠብ ይደረጋል። መደቡ ላይ የወረደውም ያው ጠበል ነው፤ በዚያ ቀን ጓሮ ውስጥ በእግር መራገጥን የሚጸየፉ አሮጊቶች ነበሩ።

አደይ አበባን የሚዘራው የለም። በየዓመቱ ከወደቀው ዘሩ ከአጥሩ ሥር፣ ከመደቡ ጠርዝ፣ ከመንገዱ ዳር በሰኔ ይበቅላል፤ ክረምቱን ሙሉ ቅጠሉ እንደ ማንኛውም አረም አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ማረሚያ ይዞ የወጣ ልጅ ሊነቅለው ሲል ከኋላው የሚጮህበት ሰው ያስፈልጋል። የካ ውስጥ አረም ማረም የሚማር ልጅ መጀመሪያ የሚማረው የሚነቀለውን ሳይሆን የማይነቀለውን፣ ይኸውም የአደይን ቅጠል መለየት ነበር። ዝናቡ መቅለል ሲጀምር በአንድ ሳምንት ውስጥ ይፈካል፤ የእንጦጦ ገደልና የየካ አጥር ሥር ቢጫ ይሆናል። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ይረግፋል። ንቦቹ ግን በቂ ጊዜ አላቸው፤ በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማር የዚህ አበባ ዕዳ አለበት።

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሴቶች ልጆች እንግጫ ለመንቀል ወደ ወንዝ ዳር ይወርዱ ነበር። እንግጫ ሥሩ ጠንካራ ነው፤ ተያይዘው ጎትተው ነው የሚነቅሉት፣ ሲነቀልም ወደ ኋላ ይጥላቸዋል። ከአደይ ጋር ተጎንጉኖ ከፊሉ የቤቱ ምሰሶ ላይ ይታሰራል፣ ከፊሉን ጠዋት አበባየሆሽ ሲሉ ይዘውት ይዞራሉ። ወንዶቹ አበባ በቀለም ይሥላሉ። ቄጠማው ከዚያው ከወንዝ ዳር ይታጨድና ወለሉ ላይ ይጎዘጎዛል፤ እርጥብ ቄጠማ በባዶ እግር ሲረገጥ ቅዝቃዜው እስከ ጉልበት ይሰማል። ጠዋት ከጓሮው የሚቆረጠው ጤና አዳም ለበዓሉ ቡና ነው። በዚያ ቀን ከገበያ የመጣው ዶሮና ሽንኩርት፣ ምናልባትም ቅቤ ነው። ሌላው ሁሉ እግር በሚያደርስበት ቦታ የበቀለ ነበር። ዛሬ መገናኛ ላይ ጳጉሜን ሲገባ አደይና ቄጠማ በሸራ ላይ ተዘርግቶ ይሸጣል፤ የቄጠማው እስር ከየት እንደታጨደ ሻጩም ብዙ ጊዜ አያውቀውም። በወንዞቹ ዳር ግንብ ወጥቷል፤ በ2011 በተጀመረው ሸገርን የማስዋብ ሥራ የተከፈቱት የወንዝ ዳር መናፈሻዎችም የሚታይ እንጂ የሚታጨድ ሳር የላቸውም። ያማሩ ናቸው፣ ለሽርሽርም ይበጃሉ፤ የእንግጫ ነቀላ ግን በመናፈሻ ውስጥ አይቻልም።

መስከረም 16 ደመራው ይደመራል፣ አደዩ ከላይ ይታሰራል። ትልቁ መስቀል አደባባይ ነው፤ የየካ ሰው ግን የየሰፈሩንና የየደብሩን ደመራም ያውቃል። ምሰሶው ወደየት እንደወደቀ ይታያል፣ ሰው ስለ ዓመቱ ይነጋገራል። በማግስቱ አመዱ በግንባር ላይ ይቀባል። በዚህ ሰሞን አጥሩ ላይ ከክረምት በፊት ያልታየች ደማቅ ወፍ ትቀመጣለች። በዓመት አንዴ ብቅ የሚል ዘመድ የመስቀል ወፍ የሚባለው በሷ ነው። ነገሩ ግን ወፏ ከሩቅ አገር አለመምጣቷ ነው፤ ከነዚህ ወፎች ብዙዎቹ ወንዶች በዝናቡ ወቅት ለመራባት ቀይና ጥቁር ላባ ያወጡና በበጋ መልሰው ድንቢጥ ይመስላሉ። ዓመቱን ሙሉ አጥሩ ላይ ነበሩ።

የጓሮ ነገር ከዚህ በኋላ ወደ መሰብሰብ ያዘነብላል። ዱባው ይደርሳል፤ ግንዱ ሲደርቅ ይቆረጥና ቆጥ ላይ ይደረደራል፣ አብዛኛው ደግሞ ጾም ሲገባ ለዱባ ወጥ ይጠበቃል። ብዙ ያፈራ ሰው ለማን ለማን እንደሚሰጥ በልቡ ይቆጥራል። ያለው ለሌለው መስጠቱ ግዴታ አልነበረም፤ ዱባው ግን ለአንድ ቤት ብዙ ነው፣ ሳይበላሽ የሚያልቀው ሲካፈል ብቻ ነው። የአጥር ላይ ቅብብሎሽ ከደግነት ይልቅ ከዚህ ስሌት የተወለደ ይመስላል፤ ደግነቱ ከልምዱ በኋላ የመጣ ነው። ዛሬ አጥሩ ብሎኬት ሆኖ ከላዩ ጠርሙስና ሽቦ ሲኖርበት የሚቀበል እጅ አይታይም።

የካ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ብዙ ተቀይራለች። ቤተሰብ ሲበዛ ጓሮው ላይ ሰርቪስ ተሠራ፤ አንዱን መደብ የሚከራይ ክፍል ተካው፣ ቀጥሎ ሌላውን። ዳገቱ ላይ ግንብ ወጣ። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሠርተው የካ አባዶን ወደ መሰሉ ሰፈሮች የገቡ ሰዎች ከጓሮ ወደ በረንዳ ተሸጋገሩ። በ2016 የተጀመረው የኮሪደር ልማትም ከአራት ኪሎ ወደ መገናኛ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የነበሩ የቆዩ ግቢዎችን አንሥቷል፤ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ መብራት፣ በቧንቧ የሚጠጣ ሳርና አበባ መጥቷል። እንጦጦም በ2013 ፓርክ ሆኗል፤ ቀድሞ ማገዶ የሚወርድበት ዳገት ላይ አሁን በእረፍት ቀን የሚሮጥና የሚንሸራሸር ሰው ይታያል።

ጓሮ ግን ፈጽሞ አልጠፋም፤ ቅርጹን ለወጠ። በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ቢጫ ጀሪካን ጎኑ ተቀዶ ጎመን በቅሎበታል፤ የቀለም ባልዲ ውስጥ ቃሪያ ቆሟል። አፈር በጆንያ ተሞልቶ ጎኑ ላይ በተበሳ ቀዳዳ ሰላጣ የሚያወጡም አሉ። በኅዳር 2015 የተጀመረው የሌማት ትሩፋት ለዚህ ዓይነቱ እርሻ መንግሥታዊ ስም ሰጥቶታል። የበረንዳ ጎመን ዓመቱን ሙሉ በእጅ ይጠጣል፤ ክረምት ይግባ በጋ እምብዛም አያውቅም። ዝናቡ ከላይኛው ፎቅ ወለል ይጋረድበታል፤ ሐምሌ ላይ እንኳ ውሃ በኩባያ ሲሰጠው ይታያል። ከብዙዎቹ በረንዳዎች መካከል ከበሩ አጠገብ አንዲት ጣሳ ብቻዋን ካለች ግን ውስጧ ያለው ጤና አዳም ነው።

ዓመቱ ለባለ ጓሮ የሚዘጋው ኅዳር 12 ነው። በ1911 ዓለምን የዞረው ወረርሽኝ አዲስ አበባ ሲገባ ከተማዋ ቀባሪ አጣች፤ የኅዳር በሽታ የተባለው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በኅዳር ሚካኤል ቀን ከተማው ሁሉ ቆሻሻ እያነደደ ይታጠናል። በየካ ጓሮ ውስጥ የሚነደው ከክረምቱ የተረፈው ነበር፤ የደረቀ የበቆሎ አገዳ፣ የዱባ ሐረግ፣ የድንች ግንድ፣ የረገፈ አደይ። ለመታጠኑ የባህር ዛፍ ቅጠል ይጨመርበታል። ጭሱ ነጭና ወፍራም ነው፤ ከየግቢው ተነሥቶ በተራራው ወገብ ላይ ይንሳፈፋል፣ ምሽቱንም ዋሻ ሚካኤል ድረስ ይሞላዋል። ልብስ ላይ ለሳምንት ይቆያል። አሁን ቆሻሻ በማኅበራት ተሰብስቦ በጋሪና በመኪና ይወጣል፣ የሚቃጠለውም ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ያለበት ነው፤ ሽታው የድሮው አይደለም፣ ለሳንባም አይበጅም።

እሳቱ ሲበርድ አመዱ ተሰብስቦ ከማጀቱ አመድ ጋር ይደባለቃል። ከመደቡ ጥግ ሦስት አራት የጎመን ግንድ ሳይቀነጠሱ ቆይተዋል፤ ቁመታቸው የሰው ደረት ደርሷል፣ ቢጫ አበባቸው ረግፎ ቀጫጭን እንክብሎች ያዙ። እንክብሉ ሲደርቅ ከግንዱ ጋር ይቆረጥና ነጠላ ላይ ይወቃል። ጥቁር ቡናማ ፍሬው በጨርቅ ይቋጠራል፤ ጭስ እንዲያገኘው፣ ነቀዝ እንዳይነካው፣ ከማጀቱ ጣሪያ ሥር ከምድጃው በላይ ይንጠለጠላል። በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ይሆናል፣ ለጤና አዳሟ የዕቃ አጠባ ውሃ ይደፋላታል፤ ቋጠሮው እስከ ሰኔ እዚያው ይቆያል።